ለሐሊማ አባት፣ ስለ ቅቤ ዛፍህ

አሰላሙ አለይኩም ዩሱፌ፣ የሐሊማ አባት።

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፤ ብርሃንም ያድርግልህ። ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነው ያልከኝ አንተ ነህ፤ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ስቆጥር፣ አጠገቤ ተቀምጠህ በመርፌ የተበሳሳ ጣትህን መስመሩ ላይ እየጎተትክ ስታስጠናኝ። እንዳልከኝ ልጀምር ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁማ! ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሊጋመስ ነው፤ እኔ ግን እስካሁን ምሳ ስሠራ ለሁለት ሰው እሰፍራለሁ። ከዚያ ድስቱን ከፍቼ አይና ራሴን እሰድባለሁ።

አድራሻ እንደሌለህ መች ጠፋኝ። የምጽፈው አንድ ነገር ስላነቀኝ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ፣ ለገበያው ሁሉ ተናግሬዋለሁ፤ መጀመሪያ ሊሰማው የሚገባው ሰው ግን አልሰማም። ስለ አቮካዶህ ነው።

ዘልዬ ግን አልግባ፤ የቤቱን ላስቀድም። የስፌት መኪናህን አልሸጥኩም። ወንድምህ ሙክታር ጫት ይዞ ድሬዳዋ ሲመላለስ «ገዢ አግኝቼልሻለሁ» እያለ ስንቴ ለመነኝ፤ እምቢ አልኩ። አሁን በረንዳው ላይ እኔው ተቀምጬበታለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም እጠግናለሁ፣ የትራስ ልብስ እሰፋለሁ። ሱሪ አልደፍርም፤ ሱሪ ያንተ ነው። ሐሊማ እዚያ ሚኤሶ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ዩሱፍ ብላ አወጣችለት። እኔ ስሙን ልጠራው ስል ምላሴ ይተሳሰራል፤ አቡሽ እያልኩ እሸውዳለሁ። ጣሪያው እንደተውከው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። ስኳር ለማግኘት አሁንም ቀበሌ ሄደን እንሰለፋለን። ሰልፉ ላይ የሚያስቀኝ ሰው ስለሌለ ቁመቱ በእጥፍ የጨመረ ይመስለኛል።

ያኔ አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል ሂርና ሄደህ፣ የአንድ አትክልት ቦታ ሠራተኞችን ልብስ ልትሰፋ የሰነበትክበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ስትመለስ ልብስ እንኳ ሳትቀይር ከኪስህ በጨርቅ ቁርጥራጭ የተጠቀለለ ነገር አወጣህ። እንቁላል የምታክል ቡናማ ዘር። ባለቤቱ ምሳ ጋብዞህ፣ ለሁለት የተከፈለ አረንጓዴ ፍሬ በሳህን ቀርቦልህ፣ በማንኪያ ጠርገህ በልተህ፣ ዘሩን ሸጉጠህ መጣህ። «ቅቤ ነው ዘይኔ! ወላሂ ዛፍ ላይ የሚያፈራ ቅቤ ነው!» አልከኝ። እኔም ምላሴ መች ያርፋል፣ «ቅቤ ከላሟም ጠፍቷል፣ እንኳን ከዛፍ» አልኩህ። አልተቀየምክም። ዘሩን ጓሮ ተከልከው፤ ልብስ ያጠብኩበትን ውኃ ሁሉ እየተሻማህ አጠጣኸው።

እንዴት ያለ ልጅ አሳደግህ! የሶማሌ ጦርነት ጊዜ ሰው ሁሉ ጓዙን ሲሸክፍ፣ አንተ ከራስህ ቁመት የሚበልጠውን ዛፍ ነቅለን እንውሰደው ብለህ አካፋ ይዘህ ቆመህ ነበር። በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ደግነቱ ጦርነቱ ሳይደርስብን ቀረ፣ ዛፉም ሥሩ ሳይነካ ተረፈ። በጋ ሆነ ክረምት ቅጠሉ አይረግፍ፣ ጥላው እንደ ጥቁር ድንኳን ድፍን ያለ። አንተ ደግሞ መኪናህን ከሥሩ አውጥተህ እየሰፋህ ላለፈ ላገደመው ስለ ፍሬው ታወራለህ። ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ታወራለህ፣ ለልብስ ልኬት የመጣውን ሰው ወገቡን ይዘህ ታወራለህ። ስም እስኪያወጡልህ ድረስ። አባ ሙከ ዳዳ አሉህ፣ የቅቤ ዛፍ ባለቤት ማለታቸው ነው። በፍቅር ነበር ያኔ።

ሐሊማን በዳርንበት ዓመት አበበ። ያን ቀን ፊትህ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጓም ቀን አላየሁትም፤ እሷም ይህን ታውቃለች፣ እስካሁን ትቀልድብኛለች። ከዚያ ፍሬው እንደ አምፖል ተንጠለጠለ። አንተም ሕግ አወጣህ። ማንም እንዳይቀጥፍ! እንደ ዘይቱና፣ እንደ ፓፓያ ዛፉ ላይ በስሎ ሲለሰልስ ያን ጊዜ ይቀጠፋል። ጨርቅ ልትገዛ ስትመርጥ እንደምታደርገው በአውራ ጣትህ ጠዋት ጠዋት ትጫነው ነበር። ድንጋይ ነው። ወር አለፈ፣ ድንጋይ። አንዱን በቢላ ሰንጥቀህ ብትቀምሰው መረረህና ተፋኸው፤ ያልበሰለ ነው አልክ። ንፋስ የጣለውንም ሳይደርስ የወደቀ በሽተኛ ነው አልክ።

በላዩ ላይ ደግሞ የጎረቤታችን የእትዬ ወርቄ ፍየል በአጥሩ በኩል ያጎነበሰውን ቅርንጫፍ ቅጠል በላችና ግቷ አብጦ ወተቷ ደረቀ። ይኸው መጣ! ዛፉ መርዝ ነው ተባለ። እትዬ ወርቄ ጨዋ ሴት ናቸው፣ አጥሩ ጋ ቆመው «ዩሱፍ ልጄ፣ ሰው ሳይጨርስ ብትቆርጠው» ብለው ብቻ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የወደቀውን ፍሬ ልጅ እንዳያነሳው እየለቀምን ጉድጓድ ውስጥ እንጥል ጀመር። በየቀኑ እለቅማለሁ፣ እቀብራለሁ፣ አፈር እመልሳለሁ። ያ የድርቁ ዓመት ነበር እኮ ዩሱፌ። ከሚኤሶ ቆላ ከብቱ ያለቀበት ሰው በእግሩ ወደኛ ከተማ ይወጣ ነበር፣ በራችን ላይ ቁጭ ይል ነበር። እኔ ከእፍኝ ማሽላዬ አካፍዬው ወደ ጓሮ ዞሬ ፍሬህን እቀብራለሁ።

ስምህም ያኔ ከፍቅር ወጣ። አባ ሙከ ዳዳ ሲሉህ ከንፈራቸውን ያጣምማሉ። ሙክታር እንኳ በበርጫው መሐል፣ «ወንድሜ ሂርና ላይ ያየው ሕልም ነው፣ ለዚህ ሕልም ሲል ስንት እግር ጫት የሚያበቅል መሬት አበላሸ» ብሎ ሁሉንም አሳቀብህ። ነገሩን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው፤ አንተ አልነገርከኝም። ያን ዕለት ቤት ገብተህ ኮትህን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጥክ። «ዘይኔ፣ አንቺም አታምኚኝም?» አልከኝ። አምንሃለሁ፣ ግን ሂርና ሩቅ አይደለም፣ አውቶቡስ ተሳፈርና ሄደህ ጠይቅ አልኩህ። «የበላሁትን ነገር ሰው ልጠይቅ?» ብለህ ተቆጣህ። አይ ያንተ ኩራት! ልብስ ሰፊ አይደለህ፣ አንድ ጊዜ የነካኸውን ታውቀዋለህ። ሳህን ላይ ያገኘኸው ግን ተቀጥፎ ስንት ቀን እንደሰነበተ ማን ነገረህ? እንዴት አልጠየቅህም አንተ ሰው? እስካሁን በዚህ እናደድብሃለሁ። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ደግሞ ማረፊያ የለውም፣ ተመልሶ ራስን ነው የሚያቃጥለው።

ከዚያ ጉሮሮህ ጠበበ። መጀመሪያ እንጀራው አነቀህ፣ ቀጥሎ ገንፎው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ወደ ቤት ውሰጂው፣ የሚውጠው ለስላሳ ነገር ስጪው አለኝ። ለስላሳ ነገር! ከየት ላምጣ በዚያ ድርቅ? አጥሚት ባፈላልህ ያስልሃል፣ ወተት በስኒ ነበር የሚሸጠው። በዚያ ረመዳን መጾም አቅቶህ እንደ ሕፃን አለቀስክ። የሰፋኸው ሱሪ ራሱ ወገብህ ላይ አልቆም አለ፤ በመርፌ ቁልፍ አጥፌ ያዝኩልህ።

አልጋህን በሩ ፊት አድርጉልኝ ብለህ አስዞርከን፣ ዛፉ እንዲታይህ። ጠዋት ጠዋት «እስቲ ሂጂና ንኪያቸው» ትለኛለህ። በርጩማ ላይ ወጥቼ እጄ የደረሰውን ሁሉ እጫናለሁ፣ ያልደረስኩበትን በዱላ ጎትቼ እጫናለሁ። ተመልሼ «ገና ነው» እልሃለሁ። «ሲለሰልስ እሱ ያልፍልኛል፣ እሱን እውጠዋለሁ» ትላለህ። ሌላ ምንም አልተመኘህም፤ ሥጋ አላልክ፣ ማር አላልክ። በመጨረሻው ቀን ድምፅህ ጠፍቶ በዓይንህ ብቻ ወደ ጓሮ አየህ። ገባኝ። ወጣሁ፣ ነካሁ፣ ተመለስኩ። «ገና ነው ዩሱፌ» አልኩህ። ዓይንህን ጨፈንክ። ሙክታር ጆሮህ ላይ የመሰናበቻውን ሸሃዳ ሲልልህ እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜ ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ በመጨረሻ ከአፌ የሰማኸው ቃል ይኸው ነው።

ዒዳዬን ጨርሼ የሐዘን ልብሴን ስለውጥ ሙክታር መጣ። አትቀየመው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ዛፉን እንቁረጠውና ጓሮሽን ጫት እተክልልሻለሁ፣ በሱ ትኖሪያለሽ አለ። እውነቱን ነው፤ እኔስ በምን ልኖር ነበር? ደግሞ ደከመኝ። ሰው መጥቶ ዛፉን እያየ ከንፈሩን ባጣመመ ቁጥር አንተ ላይ የሳቀ ይመስለኛል። እሺ አልኩት። ድሬዳዋ ደርሼ ስመለስ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። እሱ እንደወጣ በርጩማዬን ይዤ ጓሮ ገባሁና ጥቂት ፍሬ ቀጠፍኩ። ለመብላት አይደለም፣ ማን ይበላዋል። ያንተ ጣት የነካው ነገር ከመጥረቢያ እንዲተርፍ ብዬ ነው። ለዒድ የሰፋኸው ጥቁር ሰማያዊ ኮትህ ውስጥ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁና ቆለፍኩ።

ሙክታር መንገድ ተበላሽቶበት ሰነበተ። በተመለሰ ማግስት ጠዋት ቆራጩን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ላከብኝ። ለቆራጩ ሰውዬ ሰደቃ እንዲሆንህ ኮትህን ልሰጠው አሰብኩና ሳጥኑን ከፈትኩ። ኮቱን ሳነሳው የሆነ ነገር ተጨፈለቀ። እጄን ባስገባ ጣቴ ሰመጠ። ያ ድንጋይ! ልጣጩ ጠቁሯል፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ኮትህ ላይ ተለጥፏል። መጀመሪያ የተናደድኩት በኮቱ ነው፤ ኮቱን አበላሸው ብዬ በጣቴ ልጠርግ ጀመርኩ። ከዚያ ቆምኩ። ጣቴን ወደ አፌ አስገባሁ።

ቅቤ ነው ዩሱፌ።

አይጣፍጥም፣ አይመርም፤ ቅቤ ነው። አንተም ቅቤ ነው አልክ እንጂ ማር ነው መች አልክ። ማንኪያ አልፈለግሁም፣ ሳህን አልፈለግሁም፣ ከኮትህ ላይ እየጠረግሁ በላሁ፤ እየበላሁ ጮኽኩ። ያለ ማኘክ በጉሮሮ ቁልቁል ይሄዳል እኮ! ሕፃን ይውጠዋል። አንተ ትውጠው ነበር። ያ ሁሉ ጠዋት በርጩማ ላይ ቆሜ እጄ ውስጥ ይዤው «ገና ነው» የምለው፣ ቀጥፌ አልጋህ ሥር ባስቀምጠው በሳምንቱ አፍህ ውስጥ ይገባ ነበር። አይ እኛ! አይ አለማወቅ! እንዴት አድርጌ ነው ይህን የምችለው?

ጩኸቴን ሰምተው እትዬ ወርቄ በአጥሩ ቀዳዳ ተሯሩጠው ገቡ፤ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነው። አንዱን ፍሬ ከፍዬ አቀበልኳቸው። መርዝ ነው ያሉት እሳቸው፣ ፊቴን አዩና ምን እንደገባቸው እንጃ፣ ሳያመነቱ ቀመሱት። ጊዜው የገና ጾም ነበር። ቀመሱና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «ዘይነባ፣ ጾሜን ገደፍኩ መሰለኝ» አሉኝ። የዛፍ ፍሬ እንደሆነ ደጋግሜ ምዬ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ወደ ዛፉ ዞረው፣ ስለ ፍየሏ የተናገሩትን ሁሉ ይቅር እንዲላቸው ለመኑት። ለዛፍ! ሳቄና ልቅሶዬ ተደባለቀ። አቅፈውኝ አብረን አለቀስን።

በማግስቱ ሙክታር መጥረቢያ የያዘ ሰው አስከትሎ መጣ። የቀረችውን አንዷን ፍሬ ለሁለት ከፍዬ፣ ያለችኝን ስኳር ነስንሼ፣ በሳህን ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ማንኪያ ዋጠና ቀና ብሎ አየኝ። «ምንድነው ይሄ?» አለ። የወንድምህ ሕልም ነው አልኩት። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ሄዶ ከዛፉ ሥር ተቀመጠና ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ለቆራጩ የድካሙን ከፍሎ ሸኘው። ከዚያ ወዲህ በርጫ ላይ ስለ ዛፉ የሚያወራው እሱ ነው፤ አንተ ከምታወራውም ያበዛል። ሰው ሁሉ ፊት የሳቀብህ እሱ፣ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት ተነስቶ ወንድሜ እውነተኛ ነበር ብሎ ተናግሯል። ይህን ስማልኝ። ዋሽቷል የሚልህ አንድም ሰው አሁን ከተማው ውስጥ የለም።

እኔ ግን ይህ ሁሉ ምን ያደርግልኛል እላለሁ አንዳንዴ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ሰፈሩ በላ፣ ገበያው በላ፤ ሐሊማ ልጇን ጡት ስታስጥል በሱ ነው ያስለመደችው፣ ያ ትንሹ ዩሱፍ አረንጓዴ ፊት ሆኖ ይስቃል። ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ፊቴን አዞራለሁ። እኔ እስካሁን ሁለተኛ አልበላሁትም። ያን ቀን ከኮትህ ላይ የበላሁት ይበቃኛል። ኮቱንም ለማንም አልሰጠሁ፣ አላጠብኩትም።

አሁን ከበደሳም ከመቻራም ዘር ፈልገው ይመጣሉ። ቡናቸው መሐል ሊተክሉት ነው። ዘሩን በገንዘብ አልሰጥም፣ ሰደቃህ ነው። እንድረሳህ የሚመክሩኝ አሉ፣ ገና ነሽ፣ ባል አግቢ የሚሉኝም አሉ፤ ይበሉ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ከዚህ ጓሮ ዘር ይዞ የሚወጣ ሰው ስምህን ሳይሰማ አይወጣም። ዩሱፍ ልብስ ሰፊው የተከለው ነው እለዋለሁ። ከዚያ እጁን ይዤ አጥብቄ እነግረዋለሁ፦ እንደጠነከረ ቅጠፈው፣ ቤትህ አስገባው፣ ጨርቅ አልብሰህ ጥቂት ቀን ጠብቀው፤ ዛፉ ላይ ሆኖ አይለሰልስም። በአማርኛ እነግራለሁ፣ ባይገባው በኦሮምኛ እደግምለታለሁ፣ መልሰህ ንገረኝ ብዬ አስደግመዋለሁ። ይስቁብኛል፣ ዘይነባ ለአንድ ፍሬ ይህን ያህል ታስጠናለች ይላሉ።

ለሁሉም እነግራለሁ ዩሱፌ። ለአንተ ግን የነገረህ ሰው አልነበረም።

ዘይነባህ